እማማ ዙሪያሽን የተጫወተችው መሬማ

ጡረታ ስወጣ የባህል ጽሕፈት ቤት ባልደረቦቼ አንድ ቀን ከሰዓት ተሰብስበው ሸኙኝ። ዳቦና ለስላሳ ነበር፤ ጋቢም አለበሱኝ። አንዷ ወጣት ባልደረባችን፣ «እትዬ ፀሐይ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ካሠለጠንሻቸው ተዋንያን ማን ይበልጥብሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳላስብ «መሬማ» አልኩ። ከተሰበሰበው ሰው ስሟን የሚያውቅ አልነበረም። «አሁን የት ናት?» አለችኝ ልጅቷ። በደርግ ጊዜ፣ ገና በወጣትነቷ መሞቷን ነገርኳት። «ነፍስ ይማር» አለችና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ እንዲህ ተነሥቶ እንዲሁ መቅረቱ ቅር አለኝ። ስለ ሥራ ዘመኔ እንድጽፍ ልጆቼ ሲወተውቱኝ ነበርና ከእሷ እጀምራለሁ። ዋጃ የተመደብኩበት፣ ወልድያ ወጥቼ የተመለስኩበት፣ አለቆች የተፈራረቁብኝ ዘመን ቢጻፍም ባይጻፍም ብዙ አይጎድልም።

የቆቦ ልጅ ነኝ። አብዮቱ ከመጣ በኋላ ቀበሌው ሁሉ የኪነት ቡድን እንዲያቋቁም ሲታዘዝ፣ እኔ ትምህርቴን አቋርጬ ቤት የተቀመጥኩ፣ «ድምፅ አላት» የምባል ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ በነፃ ዘፈንን። ኋላ አውራጃው ቡድኑን አጠናክሮ ጥቂቶቻችንን ቀጠረን። ስለ ደመወዙ፣ ጫማ ሲገዙበት ቀለብ ይጎድል ነበር ብል ይበቃል።

የቡድኑ ኃላፊ ጋሽ ታፈሰ ነበሩ። በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ጥሩምባ ሲነፉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ የማይለያቸው ሰው። ትያትር ያስተማራቸው የለም፤ ያወቁትን ሁሉ ያወቁት በየሜዳው ነው። እኛም የምንጫወተው አብዛኛውን ጊዜ በገበያ ቀን፣ ሜዳ ላይ ነበር። ድምፅ ማጉያ ቢኖረንም ባትሪው አይታመንም። ስለዚህ ጋሽ ታፈሰ ጎብዬም ሆነ ዋጃ ስንደርስ ከመኪናው ወርደው ከሁሉ በፊት አፈር ዘግነው ይበትናሉ። አፈሩ በሚሄድበት በኩል ሕዝቡ ይቀመጣል፤ እኛ ነፋሱን ከጀርባችን አድርገን እንቆማለን። ሕዝቡ ፊቱን እንዳይቃጠል ጀርባውን ለፀሐይ ይሰጣል፣ የምንቃጠለው እኛ ነን። ነፋሱና ፀሐዩ አልስማማ ካሉ ለነፋሱ ያደላሉ። «ዓይኑን የጨፈነ ሰውም ይሰማል» ይሉ ነበር።

ልምምድ ላይ ደግሞ አያዩንም። ከአዳራሹ ጫፍ ሄደው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቆማሉ። «ዓይኔ ያባብለኛል፤ ቆንጆ ልጅ ሳይ ያልሰማሁትን የሰማሁ ይመስለኛል» ይላሉ። ቃል ከጠፋባቸው «አልሰማሁም፤ ድገሙት» ነው። ሌላ ንግግር የለም።

አንድ ቀን በዚያ አኳኋን ቆመው ሳለ፣ «አልሰማሁም፤ ድገሙት» የሚል የራሳቸው ድምፅ ከመስኮቱ ውጭ መጣ። እኛ ደነገጥን። ጋሽ ታፈሰ ከግድግዳው ዞረው፣ «ውጭ ያለው እኔ ማነው?» አሉ። ሮጬ ብወጣ ልጆች ተበትነው አንዲት አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ብቻ ቀርታለች። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ እንደ ጋሽ ታፈሰ ትንሽ ጎበጥ ብላ ቆማለች። መሬማ ነበረች፤ በእህል ተራ ማሽላ የሚሸጡት የእትዬ ሐዋ ልጅ። አባቷ ግመል ጭነው አፋር ድረስ ይነግዱ ነበር፤ እሷ ሕፃን ሳለች ሞተዋል።

ቡድናችን እንድትገባ እናቷን ለማስፈቀድ የተላክሁት እኔ ነኝ። እትዬ ሐዋን ከማሽላ ክምራቸው ኋላ ቁና ይዘው አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው መስፈራቸውን አላቆሙም።

«ኪነት የገባችን ልጅ ማን ያገባታል?» አሉ።

«ገና ልጅ ናት እኮ እትዬ ሐዋ።»

«ዛሬ ልጅ ናት። ነገ በሰው ፊት ስትዘል ያያት ሁሉ ስም ያወጣላታል።»

እንደማትዘል፣ እንደማትዘፍንም ነገርኳቸው። የምንፈልጋት ለአሮጊት ሚና ነው፤ ነጠላ ተከናንባ ነው የምትቀመጠው። ከከተማ ከወጣንም ከእኔ ጎን ትተኛለች አልኩ። ቁናውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ።

«እጇን ይዘሽ ወስደሽ፣ እጇን ይዘሽ ትመልሻለሽ?»

«እመልሳለሁ።»

«ኢንሻላህ በይ።»

ክርስቲያን መሆኔን ያውቃሉ። «ኢንሻላህ» አልኩ። ፈቀዱ።

ትያትሩ ስለ መሠረተ ትምህርት ነበር። አንዲት አሮጊት ፊደል አልቆጥርም ብላ አስተማሪዎቹን ታስቸግራለች፤ በመጨረሻ ትማራለች። ጽሑፉ ከላይ የመጣ ነው፣ ለዛ የለውም። ጋሽ ታፈሰ መሬማን እንዲህ ተናገሪ፣ እንዲህ ተራመጂ አላሏትም። «ገበያ ሂጂና አንዲት ሴትዮ ይዘሽልኝ ነይ» ብቻ አሏት። ሄደች። ትንሽ ቆይታ አንዲት ቅቤ ሻጭ አሮጊት በእጃቸው እየጎተተች አዳራሽ አስገባች። ሴትዮዋ ቅቤያቸውን የሚገዛ የተገኘ መስሏቸው ቅሉን ታቅፈው መጥተዋል። ጋሽ ታፈሰ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቅርታ ጠየቁና ቅቤውን ገዙ። ከዚያ ልጅቷን፣ «እንዲህ አይደለም፤ በዓይንሽ ነው የምትይዣት። ሴትዮዋ እዚያው ገበያዋ ላይ ትቆያለች፣ አንቺ ይዘሻት ትመጫለሽ» አሏት።

በሚቀጥለው ገበያ ቀኑን ሙሉ ቅቤ ተራ ዋለች። ስትመለስ አዳራሹ መሐል ቁጭ አለች። አቀማመጧ ራሱ ሌላ ነበር፤ መጀመሪያ አንድ ጉልበት፣ ከዚያ እጇን መሬት፣ ከዚያ «እህ» ብላ ቀሪው። ጣቷን ቅቤ እንደነካው ሰው ነጠላው ላይ አትጠርግም፣ ጸጉሯ ላይ ነው የምትጠርገው። ሲያናግሯት አንድ ጆሮዋን ታቀርብና ያልተጠየቀችውን ትመልሳለች። ጋሽ ታፈሰ ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደሆነ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

እማማ ዙሪያሽ የተባለችው ያች አሮጊት ናት። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ስለ ምንም ይሁን፣ ስለ ወባ፣ ስለ እርከን ሥራ፣ ስለ ጉድጓድ ውኃ፣ እማማ ዙሪያሽ ካልገባችበት ሕዝቡ ይነሣል። መኪናችን ከሩቅ ሲታይ ልጆች «ዙሪያሽ መጣች» እያሉ ይከተሉናል። ገበሬዎች እሸት ያመጡላታል። ጎብዬ ላይ አንድ አዛውንት በእውነት አሮጊት መስላቸው፣ «እናቴ፣ ከወዴት አገር ኖት?» ብለው ሲጠይቋት ከሚናዋ ሳትወጣ እስከ ዘር ማንዘሯ ነገረቻቸው። እኔም በቃሌ መሠረት ማታ ማታ ከጎኔ እያስተኛሁ፣ ስንመለስ እጇን ይዤ ለእናቷ አስረክባለሁ። እትዬ ሐዋ ትያትር ለማየት አንድ ቀን እንኳ አልመጡም። ገበያ ላይ ግን ሰዎች «የዙሪያሽ እናት» ሲሏቸው አይቆጡም ነበር።

ልጅ ግን ልጅ ሆኖ አይቆይም። መሬማ ረዘመች፣ ድምፅዋ ሞላ፣ ቆንጆ ሆነች። አሮጊቷን ስትጫወት ሰው እንደ ድሮው አይስቅም፤ ወጣት ሴት አሮጊት ስትሆን ብዙ የሚያስገርም ነገር የለውም። እሷም ራሷ ሰልችቷታል። «እትዬ ፀሐይ፣ አንድ ቀን እንኳ የራሴን ዕድሜ ያለው ሰው ልጫወት» ትለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ስለ ጦር ሜዳ የሚናገር ትያትር መጣ። አንዲት እናት ልጇን ለአገሯ ትሰጣለች፤ መርዶ ይነገራታል፤ አልቅሳ፣ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ሁለተኛውን ልጇን ትሸኛለች። መሬማ እናቲቱን ልጫወት አለች። ጋሽ ታፈሰ ብዙ ካሰቡ በኋላ ፈቀዱላት፣ እኛም ደስ አለን። በልምምድ ላይ እኔ ራሴ አልቅሻለሁ።

ያሳየነው በከተማው አዳራሽ ነው። ፊት ለፊት ባለሥልጣናቱ ተቀምጠዋል፤ ከኋላ የገበያው ሕዝብ ሞልቷል። መጀመሪያው ደህና ሄደ። መርዶ ነጋሪዎቹ ገብተው «ተቀመጪ» ሲሏት ግን መሬማ ለመቀመጥ አንድ ጉልበቷን አጠፈች፣ እጇን መሬት አደረገች። ከኋላ አንድ ሰው «ዙሪያሽ ናት» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሚወዳትን ሰው ያገኘ ሰው ድምፅ ነው። አዳራሹ በአንዴ ሳቀ። መሬማ ቀጠለች። ጮኻ አለቀሰች፣ ደረቷን መታች። ባለቀሰች ቁጥር ሳቁ ባሰ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ የፊተኛውን ረድፍ አየሁ፤ እዚያ የሚስቅ አልነበረም። የወታደር ሞት በሕዝብ ፊት መሳቂያ ሆኗል፣ ያ በዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ትያትሩ ሳያልቅ ባለሥልጣናቱ መብራቱን አስበሩትና ጋሽ ታፈሰን ይዘዋቸው ሄዱ። በማግስቱ ሁላችንንም ጠሩን። ሕዝቡን ማን አሳቀው፣ ማን ነው የመከራት የሚል ነው ጥያቄው። ጋሽ ታፈሰ ግን አስቀድመው ነገሩን ጨርሰውታል። ሚናውን የሰጠሁ እኔ፣ ያለማመድኩ እኔ፣ ልጅቷ የታዘዘችውን ከማድረግ በቀር የምታውቀው የለም ብለዋል። ጥቂት ቀናት አቆይተው ለቀቋቸውና ከኃላፊነት አንሥተው ወደ ደሴ ላኳቸው። ሊሰናበቱን ሲመጡ መሬማ ለብቻዋ ከጥግ ቆማ ነበር። ሄደው ፊቷ ቆሙ።

«ሁሉም ቃል ተሰምቷል» አሏት። ከእሳቸው ሌላ ምስጋና አይጠበቅም።

«ሳቁ እኮ፣ ጋሽ ታፈሰ።»

«ሰሙ ነው ያልኩሽ። የሳቁበት ምክንያት የኔም ያንቺም አይደለም።»

እሷ ግን በዚያው ተወችው። የልብስ ስፌት ማኅበር ገብታ መኪና ላይ ተቀመጠች። መንገድ ላይ «ዙሪያሽ» ብለው ሲጠሯት አንገቷን አታዞርም። ጥሪው ከኋላዋ እየተደጋገመ ሲመጣ አልፋ ስትሄድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከእኔ ጋር ግን አልተቋረጥንም፤ ቀሚሴን የምትሰፋልኝ እሷ ነበረች።

ከዚያ ድርቁ መጣ። ራያ ቆላው ራሱ ማሽላው ቀንበጥ ሳለ ደርቆ ቀረ። ከደጋው ግን ከላስታ፣ ከዋድላ ሰው በእግሩ ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። ከከተማው ወጣ ብሎ መጠለያ ተተከለ። የኪነት ሥራ ቆሞ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ በየክፍሉ ተደለደልን። እኔ የደረሰኝ የንጽሕና ክፍል ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አዲስ የገባ ሰው ጸጉሩ ይላጫል፣ ልብሱ በርሜል ውስጥ ይቀቀላል። ጤና ረዳቱ አቶ አበራ የመጀመሪያ ቀን ሰብስቦ አስረዳን። ሰዉን ከረኀቡ ይልቅ የሚፈጀው ግርሻ ነው፤ ትኩሳቱ ለቀቀ ሲባል ይመለሳል፤ የሚያዛምተው ቅማል ነው። ቅማሉ ከጠፋ ሰው ይተርፋል አለን።

ወንዶቹ እሺ አሉ። ሴቶቹ እምቢ አሉ። ሴት ጸጉሯን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው። አንዲት እናት ሴት ልጇን ጉያዋ ውስጥ ይዛ፣ «ልጄ ሳትሞት ለቅሶ አልቀመጥም» አለችኝ። ስለ ቅማል አስረዳሁ። ሁሉም ያዳምጡኛል፣ ማንም አይነሣም። በማስገደድ የሞከሩ ነበሩ፤ ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ከመጠለያው ወጥተው መንገድ ዳር አደሩ፣ እዚያም ሞቱ።

መሬማ ዘንድ ሄድኩ። ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ያየሁትን ነገርኳትና፣ «እማማ ዙሪያሽ ብትነግራቸው ይሰሙ ይሆናል» አልኳት።

«እሷን ትቻታለሁ፣ እትዬ ፀሐይ።»

«አውቃለሁ።»

«ደግሞ እነዚህ ሰዎች በምን ጉልበት ይስቃሉ?»

ተነሥቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ በድንኳኑ በር አንዲት አሮጊት የእናቷን ነጠላ ተከናንባ፣ በትር ይዛ ገባች። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላት፤ ከደጋ የወረዱ በመሆናቸው አያውቋትም። አንድ ጉልበቷን፣ ከዚያ እጇን፣ ከዚያ «እህ» ብላ ፊቴ ተቀመጠች።

«ላጪ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«ዋጋው ስንት ነው?»

«በነፃ ነው።»

«በነፃ? እንግዲያው ምላጩ ደንዝዟል።» ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ስለቱን አይታችሁታል? እኔ ባሌ የሞተ ጊዜ የተላጨሁበት ይሻላል። ያኔ እንኳ ለእሱ ብዬ ነው፤ ሲኖር ያልጠቀመኝ ሰውዬ። ዛሬ ለራሴ ብላጭ ምን አለበት? ይህን ቅማል ቀልቤው የኖርኩት እኔ፤ ላሰናብተው ብል ማን ይከለክለኛል?»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቅ አመለጣት። አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከዚያ ሌላዋ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

መሬማ ነጠላውን ከራሷ አወረደች። የምትጫወት ብቻ እንጂ በእውነት የምትላጭ አልመሰለኝም ነበር። ጸጉሯ በአዲስ ሹሩባ ተሠርቶ እስከ ትከሻዋ ይወርዳል፤ ሴቶቹ አሮጊት አለመሆኗን ያን ጊዜ አዩ፣ ሳቁም ቆመ። በአሮጊቷ ድምፅ፣ «ምን ታያለሽ፤ ላጪኝ እንጂ» አለችኝ። ላጨኋት። ሹሩባዋ ጭኗ ላይ ሲወድቅ እያነሣች ከጎኗ ታስቀምጣለች። ስጨርስ ራሷን ዳሰሰችና፣ «ነፋስ ገባኝ» አለች፤ ያ በራሷ ድምፅ ነው። ልጇን ጉያዋ ውስጥ ይዛ የነበረችው እናት ተነሥታ መጣች።

ከዚያ ወዲያ ስፌቱን ትታ ከእኛ ጋር ዋለች። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር እማማ ዙሪያሽ ትነሣለች። የሚላጭ ጸጉር ስላልነበራት ሌላ ፈጠረች፤ ልብሷን በርሜሉ ውስጥ ጨምራ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ እንደ ወጥ ታማስላለች፣ ጨው ጎደለው ትላለች። እትዬ ሐዋ የተላጨ ራሷን ያዩ ዕለት የራሳቸውን ሻሽ አውልቀው አሰሩላት።

ግርሻው የያዛት መጠለያው ከሞላ በኋላ ነው። አቶ አበራ መርፌ ወጋት፤ ትኩሳቱ ለቀቃት። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃት ስሄድ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሾርባ ትጠጣ ነበር።

«እትዬ ፀሐይ፣ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የሳቁት ለምን እንደሆነ ገባኝ» አለችኝ።

«ተይው አሁን።»

«ሴትዮዋን ሳልይዛት ነው የሄድኩት። ልጇ የሞተባት ሴት እንደዚያ አትጮኽም። እዚህ ስንቱን አየሁ። ‹ሞተ› ሲሏት መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው። ‹በልቶ ነበር?› ነው የምትለው። ያን ብዬ ቢሆን ኖሮ ማንም አይስቅም።» የሾርባውን ዕቃ አስቀምጣ፣ «ስድን እንደገና እንሠራዋለን» አለች።

«እንሠራዋለን» አልኳት። አምኜ ነው ያልኩት፤ ፊቷ ደህና ነበር።

ትኩሳቱ ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው መርፌ አልያዘላትም። ከሰዓት በኋላ፣ እናቷ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እያበሱ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» እያሉ ሳለ ሞተች። ሃያ ዓመት አልሞላትም ነበር።

ቀብሩ በዚያው ዕለት፣ ፀሐይ ሳትገባ ነው። ሴቶች ከቤት ቀርተን ከአጥሩ ሥር ቆመን አየን። ከቃሬዛው ኋላ የሰፈሩ ወንዶች ሄዱ፤ ከእነሱ ኋላ ደግሞ የማናውቃቸው፣ ብርድ ልብስ የለበሱ፣ ራሳቸውን የተላጩ ሰዎች ዘንግ እየተደገፉ ተከተሉ። ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበሩ። እትዬ ሐዋ ክንዴን ይዘው፣ «እነዚህ እነማን ናቸው?» አሉኝ።

«ከመጠለያው ናቸው። በእሷ እጅ ያለፉ ናቸው።»

«ይህ ሁሉ?»

«ይህ ሁሉ።»

እስኪርቁ ድረስ ቆመው አዩአቸው። ለጋሽ ታፈሰ ወደ ደሴ በሚሄድ ሾፌር መርዶውን ላክሁላቸው። ሾፌሩ ሲመለስ፣ እንደሰሙ ቤታቸው ገብተው በሩን እንደዘጉ ነገረኝ።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ፤ ሥራ ባይኖር ደግ ነበር። አዲስ ሰዎች ሌሊቱን ገብተው ድንኳኑ ሞልቷል። ሴቶቹ እንደ መጀመሪያዎቹ ጊዜያት ልጆቻቸውን አቅፈው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ስለ ቅማሉ መናገር ጀምሬ መሐል ላይ ተውኩት። አቶ አበራ ተካኝ። ማንም አልተነሣም።

ያን ጊዜ በበሩ በኩል አንዲት ሴት በትር ይዛ ገባች። ቀደም ብላ ከዋድላ የመጣች፣ በመጀመሪያው ቀን «ለቅሶ አልቀመጥም» ያለችኝ እናት ናት። ልጇ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዛ ትከተላታለች። የእናቲቱ ጸጉር አጎጥጉጦ ጣት የሚይዘው ያህል ሆኗል። ጎንበስ ብላ ስትራመድ እግሯ ተጠላለፈ፤ ከዚያ በፊት በሰው ፊት ቆማ እንደማታውቅ ያስታውቃል። መጥታ ፊቴ ተቀመጠች። ሁለቱን ጉልበቷን በአንዴ አጥፋ፣ ዘፍ ብላ ነው የተቀመጠችው።

«ላጪ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

የሚቀጥለውን ቃል አጣችው። ወደ ሴቶቹ ዞረች፣ ወደ እኔ ዞረች። አንዲት አሮጊት ከመሐላቸው አንገቷን ቀና አድርጋ ታያት ጀመር።

«ዋጋውን ጠይቂኝ» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ዋጋው ስንት ነው?» አለች።

ምላጩን አንሥቼ ወደ እሷ ተጠጋሁ።